አይሮፕላኗን ይጨርስ

ታኅሣሥ 9፣ 2000፣ ረቡዕ

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ልጄ ምርቃት ናት። የደም ግፊቴንና የዋጥኩትን ኪኒን እንድጽፍበት ነበር። ፓርክላንድስ ያለው የልብ ሐኪሜ «በየቀኑ መዝግብ» ብሎኛል። ግፊቴን እሱ ይመዝግብ፣ የሚከፈለው እሱ ነው። እኔ የምጽፈው ስለ አይሮፕላኗ ነው።

ትናንት ገባች። ጊጊሪ የሚሠራ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሊገባ ዕቃውን እየሸጠ ነበር። ምርቃት ለኔ መጽሐፍ ልትፈልግ ሄዳ ካርቶን ታቅፋ ተመለሰች። ኤፍ-5 የምትባል የጦር አይሮፕላን ሞዴል ናት፤ ከእውነተኛዋ አርባ ስምንት ጊዜ የምታንስ፣ ብትንትኗ የወጣ ግራጫ ፕላስቲክ። ካርቶኑን እንደ ሕፃን ዘነጣጠልኩት። የምሥራች አየችኝና «ደስታም ተከልክለሃል እኮ፣ ቀስ በል!» አለችኝ። የምሥራች ባለቤቴ ናት። ልቤን በቀዶ ሕክምና ከተቀደድኩ ወዲህ እዚሁ ኪሊማኒ ያለውን ምግብ ቤታችንን ብቻዋን ይዛዋለች። ወጥ ቤት ብቅ ካልኩ በማማሰያ ታባርረኛለች። እንግዲህ አይሮፕላን ከመሥራት በቀር ምን ቀረኝ?

ወዲያው ደብረ ዘይት ደወልኩ፣ ጋሼ ዘንድ። ጋሽ ካሣሁን ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ሲሞት ከወንድምነት ወደ አባትነት የተዛወረ ሰው ነው። አየር ኃይል ግቢ ውስጥ ኤፍ-5 ሲጠግን ጸጉሩን አሽብቶ አሁን ኩላሊቱ አልጋ ላይ አውሎታል።

«የትኛዋን ነው የምትሠራት?» አለኝ።

«ያንተን ነዋ!»

ሳቀ፣ ሳል አቋረጠው። «እንግዲያው ሆዷ ግራጫ ነው። ጀርባዋ አሸዋ፣ ቡኒና አረንጓዴ። አብራሪው ተውሶ ነው የሚሄድባት፣ ባለቤቷ እኔ ነኝ፤ እንዳታሳፍረኝ።» ቀጠለና «የፊት ጎማዋ በር ውስጡን አንድ ነገር ጽፌበት ነበር፤ አለቆቼ አንድም ቀን አላዩትም» አለ።

«ምን ብለህ?»

«ስትጨርሳት እነግርሃለሁ። አሁን ከነገርኩህ ትተዋታለህ፣ ስንፍናህን አውቀዋለሁ።»

ለጥምቀት ማድረስ አለብኝ። ጓደኛዬ ጥሩሰው ለበዓሉ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ በእጁ ይዞ ይወስድልኛል። እኔማ ለሚሌኒየሙ እሄዳለሁ ብዬ ምግብ ቤቱ፣ ዕቃው፣ ጉምሩኩ እያልኩ ቀረሁ። አሁን ደግሞ ሐኪሙ አይሮፕላን አትሳፈር አለኝ። በእግሬ ባልሄድም በእጄ ሥራ ልሂድ።


ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

አፍንጫዋ ውስጥ እርሳስ መክተት ረሳሁ! ይህች አይሮፕላን ከኋላ ትከብዳለች። አካሏ ከመጣበቁ በፊት አፍንጫዋ ውስጥ ክብደት ካልገባ በጎማዋ አትቆምም፤ እንደ ሰነፍ ውሻ በቂጧ ቁጭ ነው የምትለው። መመሪያው ላይ በትልቁ ተጽፏል። እኔ ግን ምን አስቸኮለኝ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በምላጭ ሰንጥቄ መልሼ ከፈትኳት፣ አንገቷ ላይ ጠባሳ ቀረ። ከድሮው የመኪና መለዋወጫ ሱቄ የተረፈ የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ነበረኝ፤ ቆራርጬ ከተትኩላት። አሁን ደፋ ብላ በሦስት ጎማዋ ትቆማለች።

የቸኮልኩት በጋሼ ምክንያት ነው። ትናንት ስደውልለት «ቶሎ በል» አለኝ። ሥራ ሲቸኮል የሚጠላ ሰው ነው። ተማሪ ሆኜ እቤቱ ስኖር የብስክሌት ጎማ በጥድፊያ ለጥፌ አስፈትቶኛል። «ቶሎ በል» ምን ማለቱ ነው?

ሐሙስ የዚህ አገር ሰዎች ምርጫ ነው። ሰፈሩ ዱቄትና ሻማ እየገዛ ይከምራል።


ታኅሣሥ 16፣ ረቡዕ

ግፊት፦ አልለካሁም።

ከጠዋት ጀምሬ ደብረ ዘይት እደውላለሁ። ይጠራል፣ አይነሳም። ከሰዓት በኋላ የጋሼ ልጅ ኤልናታን አነሳው።

«አባባ ጸበል ሄዷል፣ ጋሽ መኩ።»

«የት ጸበል?»

ከኋላው ሰው ይበዛል፣ አግዳሚ ሲጎተት ይሰማል። «ቤታችሁ ምንድን ነው ጫጫታው?» ብለው «የእማማ ጽዋ ደርሷት ነው» አለ። የምሥራች ስልኩን ከእጄ ነጠቀችና «መስመሩ አያሰማም» ብላ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ለኔ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።

ኩላሊቱን የታመመ ሰው በታኅሣሥ ብርድ ጸበል ይነከራል? ምን ዓይነት አስታማሚዎች ናቸው? ነገ ደውዬ ልክ ልካቸውን እነግራቸዋለሁ።

የምሥራች ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ሽንኩርት ስትልጥ ውላ ነው።


ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ምርጫ። ሰልፉ ከበራችን እስከ ዋናው መንገድ። ሁሉም ጸጥ ያለ ነው። የአብራሪውን ወንበር ቀባሁ። ደብረ ዘይት አልደወልኩም። መስመሩ ይጨናነቃል ብዬ ነው።


ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

ትናንት ውጤቱ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ከተማ አይደለም። በድሆቹ ሰፈር በኪቤራ በኩል ጥቁር ጭስ ይታያል፣ አስለቃሽ ጋዝ እስከ በረንዳዬ ድረስ መጥቶ ያስነጥሰኛል። ምግብ ቤቱ ተዘግቷል። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ የለም፣ ታክሲ የለም። ዘበኛችን ሙቱዋ ቤተሰቡ ጋ መሄድ አልቻለም፤ ማታ ማታ በር ላይ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይቆማል። አዘንኩለት። ሰው አጥር ተሻግሮ የልጆቹን ድምፅ መስማት አቃተው።

በዚህ ቀን ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ጥሩሰው! ከፓርክላንድስ ኪሊማኒ ድረስ በእግሩ! የቅመም ሱቅ ያለው፣ ሆዱ ከበሩ ቀድሞ የሚገባ፣ ከመኪናው እስከ ሱቁ በእግሩ መሄድ የሚያማርር ሰው። ሸሚዙ በላብ ርሷል።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«እንዴት ነህ ልልህ ነዋ።»

«ስልክ ጠፋ?»

«ስልክ ምን ያደርጋል፣ የሰው ፊት ነው እንጂ።» ስለ ግፊቴ ጠየቀ፣ ስለ እንቅልፌ ጠየቀ፣ ኪኒኖቼን አንድ በአንድ እያነሳ አየ። ወጥ ቀርቦለት አልነካም። ጥሩሰው ወጥ አልነካም! ከዚያ አይሮፕላኗን አየና «መች ትጨርሳታለህ?» አለኝ። «ለምን? ልትሄድ ነው እንዴ?» ብለው «አይ… እንደዚህ ሆኖ አገሩ የት እሄዳለሁ» ብሎ ወደ የምሥራች ዞረ። እሷ ሳህን እያነሳች ነበር። ሳህኑ ባዶም ንጹሕም ነበር።

የምሥራች ስትሸኘው ደረጃው ላይ ብዙ ቆሙ። የሰማሁት «ልቡ» የሚለውን ብቻ ነው። ስለ ልቤ ካወሩ እኔም ባለድርሻ ነበርኩ፣ ቢጠሩኝ ምን ነበረበት?


ታኅሣሥ 28፣ ገና

ገና እንዲህም ይዋላል። የምሥራች ዶሮ ሠርታለች፣ ግን እንደ ሌላው ጊዜ ዘፈን አልተከፈተም፣ ጎረቤት አልተጠራም። «ምነው?» ብላት «አገር እየተቃጠለ፣ ሰው እየሞተ እንጨፍር?» አለች። እውነቷን ነው። እኔስ ብሆን የምጨፍርበት እግር የለኝም።

ምርቃት ቀይ ጥፍር ቀለሟን ለክንፏ መብራት ሰጠችኝ። የግራው ክንፍ ጫፍ ቀይ፣ የቀኙ አረንጓዴ። «ዳዲ፣ አንክል ካሣሁን ይህን ሁሉ በቃሉ ነው የሚያውቀው?» አለችኝ፣ ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ ተነስታ ሄደች። እሷም አልተኛች መሰለኝ። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶባት ቀኑን ሙሉ ከክፍል ክፍል ትዞራለች።

እንኳን አደረሳችሁ ልል ደወልኩ። ኤልናታን «አባባ ተኝቷል» አለ።

«እንግዲያው አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ። አካሏ ላይ ጥይት መትቷት የለጠፈው ቆርቆሮ ነበረ፤ በየትኛው ጎን ነው?»

«በግራ ነው» አለኝ።

ጋሼ የሚተኛው በስተጀርባ ያለው ክፍል ነው። በሩ ሲከፈት ይንቋረራል፣ በስልክ እንኳ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። ልጁ አልተነሳም፣ በሩ አልጮኸም። ምናልባት ያውቀው ይሆናል። ልጅ ከአባቱ ብዙ ይሰማል።

በግራ ለጠፍኩት።


ጥር 5፣ ሰኞ

ዛሬ ኪኒን ልገዛ እታች ወርጄ ነበር። ሙቱዋ በሩን ከፈተልኝና ባርኔጣውን አወለቀ። ደረቱ ላይ አድርጎ «ፖሌ ሳና፣ ምዜ» አለኝ። አይዞህ ሽማግሌው፣ አዝናለሁ እንደ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ስትወድቅም፣ ስታስነጥስም፣ ዕቃ ሲከብድህም «ፖሌ» ይላሉ። ለቀዶ ሕክምናዬ መሆን አለበት። ከተቀደድኩ ሁለት ወር አልፎኛል ግን። ባርኔጣ ያወለቀልኝ ዛሬ ነው።

«አሳንቴ» ብዬ አመስግኜ አለፍኩ። ምን ልበል?

መድኃኒት ቤት ደርሼ ምን ልገዛ እንደመጣሁ ጠፋኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።


ጥር 11፣ ጥምቀት

የጀርባዋ ቀለም አለቀ። አሸዋ፣ ቡኒ፣ አረንጓዴ። ሆዷ ግራጫ። የመቀመጫውን ማሰሪያ ከቸኮሌት መጠቅለያ ቆርጬ በስቴኪኒ ጫፍ አጣበቅኩት። የእኛን አገር ምልክት የሚሸጥ የለም፤ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ክቡን በእጄ ሣልኩ። እጄ አንድም ጊዜ አልተንቀጠቀጠም። እንዲህ ቆማ ሳያት፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። የቀረው የአብራሪው መስታወት ክዳን ብቻ ነው። ተራው ማጣበቂያ መስታወቱን ስለሚያጨፈግገው ነጭ ኮላ ያስፈልገዋል። ግማሹ ሱቅ እስካሁን ዝግ ነው።

ጥምቀት መጣ፣ ጥሩሰው የትም አልሄደም።


ጥር 13፣ ማክሰኞ

የምሥራች በረንዳ ላይ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። መስማት ፈልጌ አልነበረም፣ መስኮቱ ክፍት ነው። «ትንሽ ነው የቀረው» አለች። «አይሮፕላኗን ይጨርስ። እሷ ላይ ነው ልቡ ያረፈው። ይጨርስና ያን ጊዜ በጠዋት ትመጣላችሁ።» ከዚያ ዝም ብላ ሰማች፤ «አዎ፣ ሐኪሙንም ይዘን» አለች።

ገብታ ስታየኝ ደነገጠች። «ማን ነው?» አልኳት። «የምግብ ቤቱ ዕቃ አቅራቢ ነው።»

ሽንኩርት አቅራቢ ከሐኪም ጋር ይመጣል እንዴ?


ጥር 14፣ ረቡዕ

አረንጓዴው ልክ አይደለም። በጣም ደምቋል። ጋሼ እንዲህ ዓይነት አረንጓዴ ቢያይ ይስቅብኛል። የድሮ ፍሬን ዘይት ነበረኝ፤ ቀለም የሚያለቅቅ እንደሱ የለም። ጭራዋንና ጀርባዋን በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት፣ ቀለሙ እንዳለ ወረደ። ፕላስቲኩ እንደ መጀመሪያው ቀን ግራጫ ሆነ።

የምሥራች ገብታ አየቻት። ቆመች፣ ቆመች። «ለምን?» አለች፣ ድምፅዋ ሌላ ነበር።

«አረንጓዴው» አልኳት።


ጥር 24፣ ቅዳሜ

የምሥራች ከትናንት ጀምራ ዳቦ ስትደፋ አደረች። ትልልቅ ድፎዎች። «ለማን ነው?» ብላት «ለነዳያን። ለአገሩ ሰላም የተሳልኩት ነው» አለች። ገና ሳይነጋ ምርቃትን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ጥሩሰው በመኪናው ወሰዳቸው። እኔን «ብርድ ነው፣ ተኛ» አሉኝ።

ሲመለሱ በረንዳ ላይ ነበርኩ። መኪናው ከግቢው በር ውጭ ቆመ። የምሥራች ወረደች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር የለበሰችው። ለቅሶ እንደሚደረስበት። በሩ ጥግ ቆመች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ አውልቃ አገላበጠችና እንደ ደህና ቀን አድርጋ ለበሰችው። ምርቃት የራሷን አስተካከለችላት። ከዚያ ገቡ።

የሰው አገር ሰው ሞቶ የለ፣ ስንት ሰው! ለእነሱ ይሆናል። የምሥራች ልቧ ለስላሳ ነው።

አሸዋማው ቀለምም ትንሽ ቀልቷል። እሱንም አወረድኩት።


የካቲት 3፣ ሰኞ

ጥሩሰው መጣ፣ አሁን በመኪና። መንገዱ ተከፍቷል፣ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ከውጭ መጥተው ሁለቱን ወገን እያነጋገሩ ነው። እኔ የማረፊያ ጎማዎቹን ነቅዬ እንደገና እሠራ ነበር።

«አንተ ሰው! እግዚአብሔር ዓለምን በስድስት ቀን ነው የፈጠረ!»

«ጎማ አልነበራትማ» አልኩት።

አልሳቀም። አጠገቤ ተቀመጠና ጉልበቴን ያዘኝ፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። «መኳንንት፣ ጾሙ እየደረሰ ነው» አለ።

«ታዲያስ? ሥጋ አልበላም፣ ሐኪሙ ከልክሎኛል። ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ነኝ።»

«ሁሉ ነገር ወቅት አለው ልልህ ነው።»

«ጥሩሰው፣ አስተምር ስትባል ዲያቆን ትሆናለህ። አሁን ያንን ብርጭቆ ወረቀት አቀብለኝ።»

አቀበለኝ። ሁለታችንም ወደ ጎማው አየን። ሲወጣ በሩ ላይ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲል ሰማሁት፣ ለራሱ ይሁን ለየምሥራች እንጃ። ጆሮዬማ ደህና ነው። ችግሩ ጆሮ አይደለም።

ክፉ ሆኛለሁ። ወዳጄን አፌዝበታለሁ፣ ሚስቴን እገላምጣለሁ። ትናንት በወጡ ጨው ተቆጣኋት፣ ጨው የከለከለኝ ሐኪሙ ሆኖ ሳለ። እሷ ግን አትመልስልኝም። ድሮ አንድ ስናገራት አሥር ነበር የምትመልሰው። መመለሷ ናፈቀኝ።


የካቲት 10፣ ሰኞ

ግፊት፦ ከፍ ያለ። እንቅልፍ፦ የለም። ጭራ፦ ለሦስተኛ ጊዜ ተቀባ። ነጭ ኮላ ምርቃት ገዝታ መጥታለች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። መልሳ ጠረጴዛው ላይ አወጣችው።

ደብረ ዘይት ከገና ወዲህ አልደወልኩም። እንዲያርፍ ነው። በሽተኛን በስልክ ማድከም አይገባም።


የካቲት 16፣ እሁድ

ምርቃት ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ ፊት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ጉልበቷን አቅፋ። ኋላ «ዳዲ፣ ፕሊዝ ጨርሳት» አለች።

«መስታወቱ ውስጥ አቧራ ገብቷል፣ መጀመሪያ መወልወል…»

«ዳዲ! ማሚ እቤት ውስጥ ማልቀስ አትችልም። ዩ ኖው ዋት አይ ሚን? ሻወር ከፍታ ነው የምታለቅሰው። እኔ ደግሞ ትራስ ውስጥ። ፕሊዝ።»

«ለምንድን ነው የምታለቅሱት?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አባት ልጁ አለቅሳለሁ ስትለው ለምን ብሎ ይጠይቃል። አልጠየቅኩም። «አቧራውን ልወልውል» አልኩ። ተነስታ ግንባሬን ሳመችኝና ወጣች።

ፈሪ ነህ፣ መኳንንት። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ ደርሶ በር ላይ ሲቆም ምን እንደሚደረግ ግን አይነግሩህም።


የካቲት 20፣ ሐሙስ

ታረቁ! ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወገኖች ተፈራረሙ። የምሥራች ምግብ ቤቱን ልትከፍት ስትል እኔም ሄድኩ፣ ዛሬ በማማሰያ አላባረረችኝም። ቴሌቪዥኑ ፊት አስተናጋጁ፣ ሙቱዋ፣ የሰፈሩ ባለታክሲዎች፣ የእኛም ሰዎች፣ ሁሉ ተሰብስቧል። ፊርማው ሲፈረም ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። መንገድ ላይ ጥሩምባ ይነፋል። ሙቱዋ ሬዲዮውን ሰማይ ላይ ወርውሮ ቀለበው። የማላውቀው ባለታክሲ አቀፈኝ። ሰዉ በደስታ ያለቅሳል።

የምሥራችም ማልቀስ ጀመረች። መጀመሪያ እንደ ሌላው ነበር። ከዚያ ሌላው እንባውን ጠርጎ ሲስቅ እሷ አላቆመችም። ወንበር ላይ ወድቃ፣ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና፣ ከሆዷ ጮኸች። ደረቷን መታች። ቤቱ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። አስተናጋጁ «ማማ ታምማለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ባለታክሲዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የእኛ ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ። ምርቃት እናቷን አቅፋ ከጭንቅላቷ በላይ ወደ እኔ አየች፣ ግን አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለቤቴ የምታለቅስበት ቦታ አጥታ፣ የሰው አገር እርቅ ላይ ተጠግታ አለቀሰች። ጋሼ እኮ እሷንም ድሯታል። እኔ አባት የለኝም ስል በአባት ቦታ ቆሞ ከቤተሰቦቿ የጠየቃት እሱ ነው። እስከሞተ… ይቅር። እኔ ብቻ ነኝ ወይ ወንድም ያለኝ? እኔ ቀለም ስፍቅ እሷ ስንት ቀን ነጠላዋን በር ላይ አገላበጠች?


የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ክዳኑን ዘጋሁት።

ከጠዋት ጀምሬ አቧራውን በጥጥ ወለወልኩ፣ ነጭ ኮላውን በስቴኪኒ ጫፍ ዙሪያውን ቀባሁ፣ መስታወቱን አስቀመጥኩ። እስኪይዝ ድረስ በሁለት ጣቴ ያዝኩት፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። ጣቶቼን ማንሳት አቃተኝ። ኋላ አነሳሁ። ጠረጴዛው ላይ አቆምኳት። በሦስት ጎማዋ ቆመች፣ አፍንጫዋን ደፋ አድርጋ። ሆዷ ግራጫ። አንገቷ ላይ የእኔ ጥድፊያ ጠባሳ አለ፣ በግራ ጎኗ የጥይቱ ልጥፍ። ጋሼ የሚያፍርባት አይደለችም። የፊት ጎማዋ በር ውስጡ ባዶ ነው። ብዙ አሰብኩ፤ የእናታችንን ስም ይሆን፣ የሚስቱን፣ ጸሎት፣ ስድብ? ከሱ ሁሉም ይጠበቃል። የራሴን ግምት ብጽፍበት ውሸት ይሆናል። ባዶ ይቅር።

ከዚያ ሶፋውን ወደ ግድግዳው ገፋሁት። ሐኪሙ ከባድ ነገር አትግፋ ብሎኛል፤ ገፋሁት። የመሃሉን ጠረጴዛ በረንዳ አወጣሁ። ምንጣፉን ጠቀለልኩ። የምግብ ጠረጴዛውን ወንበሮች ዙሪያውን ደረደርኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ አንሶላ ጣልኩበት። ወርጄ ሙቱዋን «ነገ ገና ሳይነጋ እንግዶች ይመጣሉ፣ በሩ ላይ አታቁማቸው፣ ክፈትላቸው» አልኩት። «ሳዋ፣ ምዜ» ብሎ እሺ አለኝ፣ እነማን እንደሆኑ አልጠየቀም። ጥቁሩን ኮቴን ከቁም ሳጥን አወጣሁ። ምርቃት ኮቱን አየች፣ ካውያውን ሰካች፣ ተቀብላኝ መተኮስ ጀመረች።

የምሥራች ከምግብ ቤቱ ገባች። በሩ ላይ ቆመች። ሳሎኑን አየች፣ ሶፋውን፣ ወንበሮቹን፣ አንሶላውን። አይሮፕላኗን አየች፣ ክዳኗ ተዘግቷል። ትናገራለች ብዬ ነበር። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጥ ቤት ገባችና ሁለቱን በርጩማዎች ይዛ ወጣች። በሶፋው ጫፍ ደረደረቻቸው። እኔ ከመኝታ ቤት አንዱን ወንበር አመጣሁ። እሷ ሌላውን። የምርቃትን የጥናት ወንበር። አንዱን አንስታ መስኮቱ ጋ አደረገችው፣ እኔ ትንሽ አስጠጋሁት። እንዲህ አድርገን ሳሎኑን ለለቅሶ አዘጋጀነው። ያለ አንድ ቃል።

ሲያልቅ መሃሉ ላይ ቆመች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ አገላበጠች፣ እፊቴ፣ በገዛ ቤቷ ውስጥ አዘቅዝቃ ለበሰችው።

«መች አወቅህ?» አለችኝ።

«ጥሩሰው በእግሩ የመጣ ዕለት።»

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ ወጣት። ያዝኳት። ልቤ አልቆመም። ይህን ሁሉ ጊዜ ይቆማል ብለው የፈሩት ልብ እሷ ደረቴ ላይ ስታለቅስ እንደ ሰው ልብ ይመታ ነበር።

«ለጥሩሰው ደውዪለት» አልኳት። «ጠዋት ይምጡ። ሐኪም አያስፈልግም። ወጉን ግን አታስቀሩብኝ፣ ጋሼ በወጉ ሊነገርለት ይገባል። ቀድሜ አላለቅስም፣ እጠብቃችኋለሁ በያቸው።»

አሁን እሷም ምርቃትም ውስጥ ገብተው በሩን ሳይዘጉ ያለቅሳሉ። ድምፃቸው ይሰማኛል። ይሰማኝ።

ጋሼ ሞቷል። ነገ ጠዋት ይነግሩኛል።